ግማሽ ይቅርታ

የተቋጠረ ጸጉር እንዴት እንደሚፈታ ማየት የፈለገ ሰው እታለም ጸጉር ቤት ገብቶ ጥግ ላይ ካለው ወንበር ቁጭ ማለት ነው። ሌሎቹ ጸጉር ሠሪዎች ማበጠሪያውን አናት ላይ ይሰኩና ቁልቁል ይጎትቱታል፤ የደንበኛዋ ዓይን እንባ ያቀርራል፤ እነሱም «ቻይው፣ አሁን ያልቃል» ይላሉ። መቼም አያልቅም። እታለም እንደዚያ አታደርግም። ከቋጠሮው ከፍ ብላ ጸጉሩን በግራ እጇ ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች፤ ጉተታው እጇ ላይ ይቀርና ራስ ድረስ አይሄድም። ከዚያ ከጫፉ ትጀምራለች። ትንሽ ትፈታለች፣ ከፍ ትላለች፣ ደግሞ ትንሽ ትፈታለች። ሌላ ቦታ እሪ የሚሉ ሕፃናት እሷ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

እታለም ስሟ አይደለም። ታናሽ ወንድሟ እንዲያ ብሎ ሲጠራት የሰሙ ደንበኞች ሁሉ ተቀብለው እታለም አሏት፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ። ወንድምየው አናጺ ነው። የእሱም ስም ተረስቶ ሰፈሩ በሙሉ ክብሪት ይለዋል። ለምን እንደተባለ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጥቂት አብሮት የቆመ ሰው ይገባዋል። ሥራው እንከን አይወጣለትም፤ ልቡም ንጹሕ ነው፤ ቦግ ብሎ እስኪያልቅለት መታገስ ብቻ ነው። የሁለቱ ታናሽ ትንሿ ትባላለች፤ ቁመቷ ግን ሁለቱንም ያስንቃል።

አባታቸው በሕይወት ሳሉ የጭነት መኪና እየነዱ ከሚያገኙት ላይ ቆንጠር እያደረጉ ለትንሿ ትምህርት ባንክ ያስቀምጡ ነበር። ትንሿ አዋላጅ እሆናለሁ ማለት የጀመረችው ገና ከአሻንጉሊቶቿ ሆድ አሻንጉሊት ስታወጣ ነው፤ አባትየውም ነገሩን እንደ ቀልድ አልያዙትም። እሳቸው ሲያልፉ ሒሳቡ በእታለም ስም ዞረ። ሦስቱ ተቀምጠው አንድ ቃል ተነጋገሩ፤ አይነካም።

ቃሉን ጠበቅ ያደረገው ክብሪት ነበር። አንድ ሰሞን ገበያ ሞቅ ቢልላት እታለም «ትንሽ ልጨምርበት» አለችው።

«ተዪው!» አላት። «መጨመርም መንካት ነው። መነካካት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም።»

ተወችው። እውነትም ማንም አልነካውም። የክብሪት ቤት ጣሪያ ሲያፈስ በባልዲ እየተቀበለ ከረመ እንጂ ገንዘቡን አላሰበውም። የእታለም የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ተቃጥሎ ደንበኞቿን ከነቢጎዲናቸው በር ላይ አስቀምጣ በፀሐይ ስታደርቅ መንገደኛው ሁሉ ሲስቅባት ቻለችው። እንዲህ ያለ ታማኝነት በየቤቱ አይገኝም፤ ይኸው ታማኝነታቸው ነው ጉድ የሠራቸው።

ትንሿ ለአዋላጅነት ትምህርት ስሟ ወጣ። ክፍያው እስከ ዓርብ ካልገባ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ተባለ። ማክሰኞ እታለም ገንዘቡን ልታወጣ ባንክ ሄደች፤ ሊዘጉ ሲሉ ደረሰችና ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው በሒሳቡ ያለውን ነግሯት «ስለ ጎደለው ነገ ይምጡ» ብሎ መጋረጃውን ሳበው። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ሁለቱ እየጠበቋት ነበር። የሆነውን ነገረቻቸው። የጎደለው ቀላል አልነበረም፤ በቀረው ትንሿ ልትመዘገብ አትችልም።

«ማን ነካው?» አለ ክብሪት።

ቃሉስ ባልከፋ። የከፋው ዓይኑ ነው። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ሄደና እህቱ ላይ ዐረፈ። ሒሳቡ በስሟ ነው፤ የሚወጣውም በፊርማዋ ነው፤ ሌላ ማን ሊነካው ይችላል? ይህን ሁሉ በአፉ አልተናገረም፤ ግን ትንሿም አየችው፣ እታለምም አየችው። እታለም መጥረጊያውን አንስታ አስቀድማ የጠረገችውን ወለል እንደገና መጥረግ ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት ክብሪት እህቱን ሳያማክር ባንክ ሄደ። የፈራው ነገር ነበር፤ እሱም እውነቱን መስማት ነው። ሰማ። ሒሳቡ ለረዥም ጊዜ ስላልተንቀሳቀሰ በየወሩ ቅጣት ሲቆረጥበት ኖሯል።

«ባለመንካታችን ነው የተቀጣነው?» ብሎ ጮኸ። «ሰው እኮ የሚቀጣው ሲነካ ነው! ልጄን ምንም ሳይነካ ዋለ ብዬ ልምታው?»

ወረፋ ላይ የቆመው ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ባሰበት። ጠረጴዛውን ደበደበ፣ የማያውቀውን ሰው አባት አነሣ፣ በመጨረሻም ጥበቃው ብብቱን ይዘው አስወጡት፤ ሲወጣም በሩን በኃይል ወርውሮ ዘጋው። ጸጉር ቤት ደርሶ ታሪኩን ለእህቱ ሲተርክ ስለ ባንኩ የማይገባ ነገር ሁሉ ተናገረ፤ ሌቦች አላቸው፣ አጭበርባሪዎች አላቸው። አንዲት ቃል ግን ከጉሮሮው አልወጣችም። እህቱ ያልነካች መሆኗን አሁን ያውቃል፤ ትናንት በምን ዓይን እንዳያትም ያውቃል፤ ሁለቱ መሃል ያለችዋ ቃል ተሰንቅራ ቀረች።

እታለም እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አለች። «አንተ ትመጣለህ፣ አፍህ ግን እዚህ ይቀራል።»

ሐሙስ ዕለት ባንኩ በር ላይ ሲደርሱ ክብሪት አንገቱን ደፍቶ ከኋላዋ ነበር። እታለም ግን ቀጥ ብላ ወደ ውስጥ አልገባችም። ጥበቃው ጋ ቆመች፤ ሽበታም፣ ቀጭን ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት ወንድሜ አስቸግሮዎታል። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው።»

«እኔንማ ምን አደረገኝ» አሉ ሰውየው፤ «በሩን ነው እንጂ። ከትናንት ጀምሮ ያቃስታል፤ ስሙት።» ከፍተው ዘጉት። እውነትም ያቃስታል።

እታለም ወንድሟን አየችው። ክብሪት ከኪሱ መፍቻውን አወጣ፤ ክብሪት ያለ መፍቻ ለሠርግም አይሄድም። ተንበርክኮ የበሩን ማጠፊያ አጠበቀ። ጥበቃው ሁለቴ ሞክረው በሩ ጸጥ ሲልላቸው ፊታቸው ፈካ። «ሁለተኛዋ መስኮት ሂዱ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ፊቷ አይፈታም፤ ሰው ግን አታንገላታም።»

እዚህ ላይ ክብሪት ለራሱ ተበሳጨ። ጉዳያችን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ነው፣ በር ጥገና ምን አመጣው አለ በሆዱ። እህቱ ከጫፍ እንደጀመረች አልገባውም ነበር።

የሁለተኛዋ መስኮት ሴትዮ ዕድሜዋ ከእታለም ብዙም አይርቅም። ጸጉሯን ወደኋላ ወጥራ ከማሰሯ የተነሣ ቅንድቧ ሳይቀር የተጎተተ ይመስላል። የሒሳቡን ቁጥር ስትሰማ ቀና አለች።

«ትናንት በዚህ ጉዳይ አንድ ሰውዬ መጥቶ...»

«ወንድሜ ነው። ይኸው አለ።»

ክብሪት ጣሪያውን ሊጠግን የተጠራ ይመስል ወደ ላይ መመርመር ጀመረ። ሴትዮዋ ፈገግ ልትል ብላ ተወችውና ደንቡን ማስረዳት ያዘች። ሒሳብ ለረዥም ጊዜ ገቢም ወጪም ከሌለው ይቀጣል። ቅጣቱ ከመጀመሩ በፊት ግን ለባለሒሳቡ በስልክ መልእክት ይላካል።

«አንዲት ሳንቲም እንኳ ጨምረውበት ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ቅጣቱ ጭራሽ አይጀምርም ነበር።»

ክብሪት ክው አለ። መጨመርም መንካት ነው። የገዛ ድምፁ ጆሮው ላይ አቃጨለበት። የእህቱን ማጅራት እያየ ዘወር እስክትል ጠበቀ፤ ዘወር ብላ አንዴ ብቻ ብታየው ይበቃዋል፤ ይገባዋልም። እሷ ግን አልዞረችም። ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል፣ «መልእክቱ የተላከው ወደየትኛው ስልክ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሴትዮዋ ቁጥሩን አነበበች።

«የአባታችን ነው» አለች እታለም። «እሳቸው ካረፉ ጀምሮ ያ ስልክ ተዘግቷል። ሒሳቡ በስሜ ሲዞር የራሴን ቁጥር ሰጥቼ ነበር።»

ሴትዮዋ ኮምፒውተሩን ትኩር ብላ አየች። ከዚያ እታለምን አየች። እንደገና ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ውጥረት ሁሉ ረገበ።

«ጥቁር ለብሰሽ ነበር» አለች በቀስታ። «ትልቅ ዣንጥላ ይዘሽ። አስታወስኩሽ። ስምሽን አስገብቼ...» አልጨረሰችውም።

ክብሪት ነቃ አለ። ጥፋተኛ ተገኘ! ወደፊት ተስፈንጥሮ «ማን ነው እንግ...» ሲል የእህቱ ተረከዝ የጫማውን ጫፍ ረገጠውና ቃሉ እዚያው ሞተ።

«ማን ብለን አልመጣንም» አለች እታለም። «ምን ሆነ ብለን ነው የመጣነው።» ቀጥላም ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ «ይልቅ አንቺ፣ ይህን ጸጉር እንዲህ ወጥረሽ አትሰሪው። ግንባርሽ ላይ እየሳሳ ነው፤ አሁን ካልተውሽው አይመለስም። ማታ ራስሽን አያምሽም?»

ሴትዮዋ እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። «በየማታው ነው የሚያመኝ» አለች። መስኮቷን ዘጋችና፣ «ኑ፤ ሥራ አስኪያጁ ጋ እኔ ራሴ እወስዳችኋለሁ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ሸጋ ሰው ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ነገሩን ሰማ፤ የሰጠችውን ቁጥርና ያልደረሰውን መልእክት ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ነገሩ ያሳዝናል» አለ። «ስለዚህ ይቅርታ እናደርግልዎታለን። ከቅጣቱ ግማሹ ይመለስልዎታል። ይህ በእኔ ሥልጣን ስለሆነ አሁኑኑ ይሆናል።»

የክብሪት ልብ ዘለለች። ግማሹ ዛሬ! ለቀረው የኤሌክትሪክ መላጊያውን ይሸጣል፤ በእጅ መላግ እንደሆነ አልረሳም፤ በቃ፣ ትንሿ ገባች። እህቱ አመስግና እንድትነሣ ጠበቀ። እታለም ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ ተደላደለች።

«ግማሽ ይቅርታም አለ እንዴ?» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «መመሪያው እንዲህ ነው።»

«ይቅርታ የሚደረግለት ያጠፋ ሰው ነው፣ ጌታዬ። አጥፍቼ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ቅጣቴን እከፍላለሁ። ካላጠፋሁ ግን ምኔን ነው የሚምሩኝ?»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሌላ መንገድ እንዳለ ሳይደብቅ ነገራት። እሱም የስህተት ማረሚያ ነው፤ ሙሉው ይመለሳል። ግን ለዋናው መሥሪያ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህም ቅርንጫፍ ስህተቱ የእኛ ነው የሚል ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ መልስ ላይሰጡ ይችላሉ። እምቢ ካሉ ደግሞ ግማሹም አብሮ ይቀራል።

«ተቀበዪ» አላት ክብሪት በሹክሹክታ፤ አፉ ጸጉር ቤት መቅረት እንደነበረበት ረስቶ። «እታለም፣ እግርሽ ሥር እወድቃለሁ፣ ተቀበዪ! ነገ እኮ ዓርብ ነው!»

እታለም ባንክ ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞረች። ድምፅዋን አላነሣችም።

«ወንድሜ፣ ቤቴ ውስጥ ያልነካሁትን ነክተሻል ተብዬ ታይቻለሁ። እዚህ ደግሞ ያላጠፋሁትን ምረንሻል ልባል አልችልም። ሁለቱን አልችልም።»

ክብሪት ኩምሽሽ አለ። ይህች ሴት ሦስት ቀን ሙሉ ያን እይታ በሆዷ ይዛ ስትዞር፣ ሻይ ስትቀዳለት፣ «በላህ ወይ?» ስትለው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «መልካም። ግን ስህተቱን ማን እንደፈጸመው...»

«እሱን አልጠየቅኩም» አለች እታለም ፈጥና።

«እኔ ነኝ።» በሩ ጋ የቆመችው የመስኮቷ ሴትዮ ነበረች። «ስሟን ቀይሬ ስልኩን የረሳሁት እኔ ነኝ። ለዋናው መሥሪያ ቤትም እኔው እናገራለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛዋን ሲያያት ግንባሩ ተቋጠረ፤ ሊናገር አፉን ሲከፍት እታለም ቀደመችው።

«ጌታዬ፣ እኔ ሰው እቀጥራለሁ፤ ጸጉር የሚያቃጥል መዓት ነው፣ አቃጠልኩ የሚል ግን እስከዛሬ አልገጠመኝም። እናንተ ካልፈለጋችኋት ዛሬውኑ እኔ እቀጥራታለሁ። ብቻ አስቀድማ ጸጉሯን እፈታላታለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳያስበው ሳቀ፤ ሳቁ ሲወጣ ቁጣው አብሮ ወጣ። ሴትዮዋም እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ሳቀች። ክብሪት ያኔ ነው የገባው። እህቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ያችን የማታውቃትን ሴት በግራ እጇ ይዛታለች። ጉተታው ሁሉ እሷ ላይ እየቀረ ነው። መስኮቱ ጋ ደግሞ እሱን ራሱን እንዲሁ ይዛው ነበር፤ ለዚህ ነው ያልዞረችው። ዕድሜውን ሙሉ አብሯት ኖሮ ስትሠራ እንዳላያት ተሰማው፤ ኮራባት፤ አፈረም።

ስልክ ተደወለ። ሥራ አስኪያጁ ተናገረ፣ ሴትዮዋ ተናገረች፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ብዙ ጠየቀ። አስጠበቋቸው። የክብሪት ጉልበት እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጣል፤ እታለም እጇን ጣል ስታደርግበት ቆመ። ከቆይታ በኋላ ስልኩ ጠራ፤ ሥራ አስኪያጁ «እሺ፣ እሺ» አለና ዘጋው።

«ሙሉው ተመልሷል» አለ፤ ደስታው ከራሱ ደንበኞች ያልተናነሰ ነበር። «እንግዲህ ባንኩ ይቅርታ ያደር...» ቆም አለ። እታለምን አያት። ከወንበሩም ብድግ አለ። «ባንኩ ይቅርታ ይጠይቃል።»

«ተቀብያለሁ» አለች እታለም፤ እሷም ተነሥታ።

ክፍያውን እዚያው በሁለተኛዋ መስኮት ለትምህርት ቤቱ አስተላለፉ። ጥበቃው በሩን ከፈቱላቸው፤ በሩ ድምፅ አላሰማም። ውጪ ፀሐይ ነበር፤ ሰው ይተላለፋል፣ አውቶቡስ ያራግፋል። ክብሪት መንገዱ መሃል ቆመ።

«እታለም።»

«አቤት።»

«ያን ዕለት ያየሁሽ...» ጉሮሮው ውስጥ ያለችው ነገር እምቢ አለች፤ ዋጣት፤ ተመልሳ መጣች። «ክፉኛ በደልኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እታለም ዞር ብላ አየችው። ዓይኗ እርጥብ ነበር።

«በጣም ነው የከፋኝ» አለች። «ስለ ገንዘቡ አይደለም እንቅልፍ ያጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«እሺ። ግማሹ ደረሰኝ።» መንገዷን ቀጠለች።

ክብሪት ግራ ገብቶት ተከተላት። ግማሹ? ግማሽ ይቅርታ አለ እንዴ ብላ ሰውየውን ያፋጠጠችው እሷ አይደለችም? ጥርሱን ነክሶ እያሰላሰለ ጸጉር ቤቱ ደረሱ። በሩ ላይ ትንሿ ቆማ ነበር፤ ረዥም ቁመቷን በፍርሃት አጥፋ፣ የሁለቱን ፊት እያፈራረቀች ታያለች።

«ተከፍሏል» አላት ወንድሟ። «አዋላጇ፣ ነገ ሂጂና ተመዝገቢ!»

ትንሿ ጮኻ ዘለለች፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፈች፣ ቢጎዲን የተጠቀለለችውን ደንበኛ ሳይቀር ሳመቻት። ከዚያ ትንፋሿ ሲመለስ፣ ዓይኗን ከሁለቱ አንሥታ መሬት ላይ ጥላ፣ ሦስት ቀን ያንገበገባትን ነገር ጠየቀች።

«ታዲያ ማን ነክቶት ኖሯል?»

እታለም ጎንበስ ብላ ማበጠሪያዎቹን መደርደር ጀመረች። ክብሪት ያኔ የቀረው ግማሽ የት እንዳለ ገባው። ያን እይታ ያየው ሰው አንድ ብቻ አልነበረም።

«ማንም አልነካውም» አለ፤ ደንበኛዋም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ባለመንካታችን ነው የቀጡን። እታለም ልጨምርበት ብላኝ ነበር፤ መጨመርም መንካት ነው ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ። እሷን በዚያ ዓይን ያየኋትም እኔው ነኝ። አጥፍቻለሁ። ገንዘብሽን ያስመለሰችልሽ እሷ ናት፤ እኔ በር ብቻ ነው የጠገንኩት።»

ትንሿ ሄዳ ታላቅ እህቷ ትከሻ ላይ አገጯን አሳረፈች። እታለም ማበጠሪያውን ይዛ ቀና አለች። በእጇ ጀርባ ጉንጯን ጠረገች፤ ወንድሟንም አይታ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ያላየውን ፈገግታዋን ፈገግ አለችለት።

«አሁን ሞላ» አለች።